በምናባዊ ብሎክ ዲቫይስ ላይ ፋይል ሲስተም መፍጠር፦ የዩኒክስ መንገዶች ዳሰሳ

ዲቫይሱና ፋይል ሲስተሙ

ብሎክ ዲቫይስ ለዩኒክስ ከ0 ጀምሮ በቁጥር የተደረደሩ፣ መጠናቸው እኩል የሆኑ ብሎኮች ስብስብ ነው። ከርነሉ «ብሎክ 5,000ን አንብብ» ወይም «በብሎክ 5,000 ላይ ይህን ጻፍ» ሲለው ይታዘዛል፤ ከዚህ ያለፈ ዕውቀት የለውም። የፋይል ስም፣ ባለቤት፣ ፈቃድ፣ የተጻፈበት ሰዓትና ፎልደር የሚባሉትን ዲቫይሱ አያውቃቸውም። እነዚህ የሚገኙት ፋይል ሲስተሙ በብሎኮቹ ላይ በሚዘረጋው አደረጃጀት ውስጥ ነው።

አደረጃጀቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚዘረጋው «ኤምኬኤፍኤስ» በሚል ስም የሚታወቀው የትእዛዝ ቤተሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው ሰባተኛው የዩኒክስ እትም ውስጥ ይህ ትእዛዝ የዲቫይሱን ስምና የብሎኮቹን ብዛት ተቀብሎ ባዶ ፋይል ሲስተም ይሠራ ነበር። በቁጥሩ ፈንታ የይዘት ዝርዝር የያዘ ፋይል ከተሰጠው ደግሞ በዝርዝሩ መሠረት ፎልደሮቹንና ፋይሎቹን ጭምር ያስገባ ነበር። የዛሬዎቹ ዘመዶቹም በመሠረቱ የሚጽፉት ተመሳሳይ ነገር ነው፦ የብሎኩን መጠንና ጠቅላላ ብዛቱን የሚይዝ ሱፐርብሎክ፣ የትኞቹ ብሎኮች ነፃ እንደሆኑ የሚያሳይ ካርታ፣ ስለ እያንዳንዱ ፋይል መረጃ የሚይዙ አይኖዶች፣ እንዲሁም ሩት ፎልደር። የቀረው ሰፊ ቦታ ሳይነካ ይቆያል። በቴራባይት የሚቆጠር ዲስክ በጥቂት ሰከንድ «ፎርማት» የሚሆነው፣ የቀድሞው መረጃም ፎርማት ከተደረገ በኋላ ብዙ ጊዜ ሊገኝ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዲቫይሱ የሚጠበቀው ግዴታ ይህን ያህል ጠባብ ስለሆነ ግዴታውን የሚወጣ ማንኛውም ነገር የዲስክን ቦታ ሊይዝ ይችላል። ተራ ፋይል፣ የራም ክፍል፣ በኔትወርክ ማዶ ያለ ኮምፒውተር ወይም የሌላ ዲስክ ቁራጭ ራሱን በቁጥር የተደረደረ ብሎክ አድርጎ ካቀረበ ምናባዊ ብሎክ ዲቫይስ ይሆናል። ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ይነሳሉ፤ አንደኛው ብሎኮቹ ምን ላይ እንደቆሙ፣ ሁለተኛው በላያቸው ምን እንደተዘረጋ። የመጀመሪያው ፍጥነትን፣ ዕድሜንና አስተማማኝነትን ይወስናል፤ ሁለተኛው አደረጃጀትን፣ ስሞችንና የጥበቃ ዘዴን። አብዛኛው ስህተት የሚፈጠረው የአንዱን ባሕርይ ከሌላው በመጠበቅ ነው።

ብሎኮቹ የሚቆሙባቸው መሠረቶች

በስፋት የሚሠራበት መሠረት ተራ ፋይል ነው። በሊኑክስ ይህን ሥራ የሚሠራው ሉፕ ዲቫይስ ሲሆን «ሎሴትአፕ» የተባለው ትእዛዝ አንድን ፋይል ከአንድ ሉፕ ዲቫይስ ጋር ያገናኛል። ቀደም ሲል በነባሪ የሚገኙት ሉፕ ዲቫይሶች 8 ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2011 ከወጣው ከርነል 3.1 ጀምሮ ግን «ሉፕ ኮንትሮል» በሚባል የመቆጣጠሪያ ፋይል አማካይነት በተፈለጉ ጊዜ ይፈጠራሉ። ሌሎቹ የዩኒክስ ዘሮችም ለዚሁ ሥራ የየራሳቸው መሣሪያ አላቸው። በኦፕንቢኤስዲና በኔትቢኤስዲ «ቪኤንዲ»፣ በፍሪቢኤስዲ «ኤምዲ»፣ በሶላሪስ «ሎፊ» ይባላል፤ በማክኦኤስ ሥራውን «ኤችዲአይዩቲል» ያከናውናል። ፍሪቢኤስዲ በአንድ ነገር ይለያል፦ ብሎክ ዲቫይስ የተባለውን የፋይል ዓይነት ጨርሶ አስወግዶ ዲስኮችን ሁሉ በካራክተር ዲቫይስ መልክ ያቀርባል። ፋይል ሲስተም ለመሥራት ግን ይህ ለውጥ አያመጣም።

ሁለተኛው መሠረት ራም ነው። የሊኑክስ ራም ዲስክ ሾፌርና የፍሪቢኤስዲ ኤምዲ ከማስታወሻው ክፍል ቆርጠው ዲስክ ያስመስላሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ ሊኑክስ ከርነል የገባው ዜድራም የሚጻፍበትን ብሎክ ጨምቆ በራም ውስጥ ያስቀምጣል፤ ብዙ ጊዜም ለስዋፕ ያገለግላል። ቲኤምፒኤፍኤስ ከእነዚህ ጋር ቢነሳም ዓይነቱ ሌላ ነው፤ ያለ ብሎክ ዲቫይስ በቀጥታ በራም ላይ የሚሠራ ፋይል ሲስተም ስለሆነ ኤምኬኤፍኤስ አያስፈልገውም። ጊዜያዊ ፋይል ማስቀመጥ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ቲኤምፒኤፍኤስ ይበቃል፤ የአንድን የተወሰነ ፋይል ሲስተም ጠባይ ለመፈተን ግን እውነተኛ ብሎኮች ስለሚያስፈልጉ ራም ዲስክ ይመረጣል።

ሦስተኛው ኔትወርክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ለሊኑክስ የቀረበው ኤንቢዲ የብሎክ ጥያቄዎችን በኔትወርክ ወደ ሌላ ማሽን ያስተላልፋል። ዛሬ በአንድ ማሽን ውስጥም በብዛት ይሠራበታል፦ ኪውኢሙ የራሱን የዲስክ ፎርማት ራሱ ተርጉሞ በኤንቢዲ በኩል ለከርነሉ ያቀርባል፤ በዚህ መንገድ የቨርቹዋል ማሽን ዲስክ ማሽኑ ሳይነሳ ሊከፈት ይችላል።

አራተኛው ሌላ ብሎክ ዲቫይስ ነው። የሊኑክስ ዲቫይስ ማፐር ከታች ያሉትን ብሎኮች በሠንጠረዥ እያዛወረ አዲስ ዲቫይስ ይሠራል። ኤልቪኤም ብዙ ዲስኮችን አዋህዶ እንደገና የሚከፋፍለው፣ ዲኤም ክሪፕት ብሎኮችን በቁልፍ የሚያመሰጥረው በዚሁ መንገድ ነው። ዜድኤፍኤስ ደግሞ «ዜድቮል» በሚባለው አቅርቦቱ ከራሱ የዲስክ ክምችት ላይ ብሎክ ዲቫይስ ቆርጦ ይሰጣል፤ በዚያ ላይ ሌላ ፋይል ሲስተም መዘርጋት ይቻላል። እነዚህ መሠረቶች እርስ በርስ ይደራረባሉ፤ ለምሳሌ በፋይል ላይ ሉፕ፣ በሉፕ ላይ ዲኤም ክሪፕት፣ በዚያ ላይ ኤክስት4 ሊቆም ይችላል።

ከምስል ፋይል እስከ ማውንት

ሥራው የሚጀምረው የዲስኩን ምስል የሚሆነውን ፋይል በማዘጋጀት ነው። ለዚህ ሦስት የተለመዱ መንገዶች አሉ። «ዲዲ» ዜሮዎችን አንድ በአንድ ስለሚጽፍ ይዘገያል፤ ነገር ግን ቦታው በእርግጥ ተይዟል። «ፎልአሎኬት» ፋይል ሲስተሙ ቦታውን እንዲይዝለት ብቻ ስለሚጠይቅ ፈጣን ነው። «ትራንኬት» የፋይሉን ርዝመት ከማስመዝገብ በቀር ምንም ቦታ አይዝም። በመጨረሻው መንገድ የሚሠራው ፋይል ባለ ቀዳዳ ይባላል፤ 10 ጊጋባይት ርዝመት እያሳየ በዲስኩ ላይ የሚይዘው የተጻፈበትን ያህል ብቻ ነው። ልዩነቱ የሚታየው «ኤልኤስ» የሚሰጠው ርዝመት «ዲዩ» ከሚሰጠው የተያዘ ቦታ ጋር ሲነጻጸር ነው።

ቀጣዩ እርምጃ ፋይሉን ከሉፕ ዲቫይስ ጋር ማገናኘት፣ በዲቫይሱ ላይ የተመረጠውን ኤምኬኤፍኤስ ማስኬድ፣ ከዚያም በባዶ ፎልደር ላይ ማውንት ማድረግ ነው። የሊኑክስ «ማውንት» የሉፕ አማራጭ ሲሰጠው ግንኙነቱን ራሱ ይፈጥራል፤ ሲወርድም ራሱ ይፈታል። ግንኙነቱ በእጅ የተሠራ ከሆነ አፈታቱ የአሠራሩ ግልባጭ ነው፤ መጀመሪያ ፋይል ሲስተሙ ይወርዳል፣ ቀጥሎ ሉፕ ዲቫይሱ ይለቀቃል። ምስሉ የፓርቲሽን ሠንጠረዥ ካለው ሎሴትአፕ ፓርቲሽኖቹን እንዲፈልግ መታዘዝ ይኖርበታል፤ ያኔ እያንዳንዱ ፓርቲሽን የራሱ ዲቫይስ ሆኖ ይታያል።

ኤምኬኤፍኤስ የሚፈልገው ሊጻፍበት የሚችል የባይት ቅደም ተከተል ብቻ ስለሆነ በሉፕ ዲቫይስ ሳያልፍ በቀጥታ በተራ ፋይል ላይም ይሠራል። ይህ ደግሞ የሩት ሥልጣን አይጠይቅም፤ ሥልጣን የሚያስፈልገው ምስሉን ማውንት ለማድረግ ነው። የኤክስት4 መፍጠሪያ ከአንድ ፎልደር ይዘት ተነስቶ የተሞላ ምስል ሊሠራ ይችላል፤ «ኤምቱልስ» ደግሞ በፋት ምስል ውስጥ ማውንት ሳይደረግ ፋይል ያስገባል፣ ያወጣል። ለአነስተኛ ኮምፒውተሮች የሚሆኑ የሲስተም ምስሎች በተራ ተጠቃሚ ሥልጣን የሚገነቡት በእነዚህ መንገዶች ነው።

ኤክስትና ዩኤፍኤስ

የሊኑክስ የመጀመሪያው ፋይል ሲስተም ከሚኒክስ የተወሰደ ነበር፤ መጠኑ ከ64 ሜጋባይት አያልፍም፣ የፋይል ስሙም ከ14 ባይት አይበልጥም ነበር። እነዚህን ገደቦች ለማንሳት ረሚ ካርድ እ.ኤ.አ. በ1992 ኤክስትን፣ በ1993 ኤክስት2ን አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ2001 ወደ ከርነሉ የገባው ኤክስት3 ጆርናል ጨመረ፤ ለውጡ በቦታው ከመጻፉ በፊት በጆርናሉ ስለሚመዘገብ መብራት ቢቋረጥ መላውን ዲስክ መመርመር ሳያስፈልግ ጆርናሉን ማንበብ ይበቃል። ኤክስት4 እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ በወጣው ከርነል 2.6.28 ለመደበኛ አገልግሎት ዝግጁ ተባለ።

የኤክስት4 ሱፐርብሎክ ከዲቫይሱ መጀመሪያ 1,024 ባይት ርቆ ይቀመጣል። ብሎኩ 4,096 ባይት ሲሆን ዲቫይሱ እያንዳንዳቸው 32,768 ብሎክ ባላቸው ቡድኖች ይከፈላል፤ አንድ ቡድን 128 ሜጋባይት ይሆናል። 32,768 የሚለው ቁጥር የሚመጣው የቡድኑ የነፃ ቦታ ካርታ በአንድ ብሎክ ውስጥ እንዲገባ ስለተደረገ ነው፤ 4,096 ባይት 32,768 ቢት አለው። የሱፐርብሎኩ ቅጂዎች በተመረጡ ቡድኖች መጀመሪያ ላይ ስለሚቀመጡ ዋናው ሲበላሽ «ኤፍኤስሲኬ» ከቅጂው ሊነሳ ይችላል። በትንሽ ምስል ላይ ሁለት ነባሪ ምርጫዎች ልብ ሊባሉ ይገባል። 5 ከመቶው ቦታ ለሩት ተጠብቆ ይቀመጣል፤ የአይኖዶቹ ብዛትም በፍጥረት ጊዜ ይወሰንና በኋላ ለብቻው አይጨምርም። እጅግ ብዙ ጥቃቅን ፋይሎች የሚገቡበት ምስል ባዶ ቦታ እያለው «ሞልቷል» ሊል የሚችለው አይኖዶቹ ሲያልቁ ነው።

የቢኤስዲው ወገን መሠረት ዩኤፍኤስ ነው። ማርሻል ከርክ ማኩዚክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1983 ከወጣው 4.2ቢኤስዲ ጋር ያቀረቡት ፈጣኑ ፋይል ሲስተም ከቀድሞው የዩኒክስ ፋይል ሲስተም እስከ 10 እጥፍ የሚደርስ ፍጥነት አስገኝቷል። ምስጢሩ ብሎኩን ማሳደግና ተዛማጅ መረጃዎችን በዲስኩ ላይ ማቀራረብ ነበር፤ ትልቅ ብሎክ በትንሽ ፋይል እንዳይባክን ደግሞ ብሎኩ ወደ ቁርጥራጮች እንዲከፈል ተደረገ። የኤክስት2 የብሎክ ቡድኖችም ከዚህ ሥራ የተወረሱ ናቸው። በቢኤስዲዎችና በሶላሪስ የመፍጠሪያው ትእዛዝ «ኒውኤፍኤስ» ይባላል።

ኤክስኤፍኤስ፣ ቢተርኤፍኤስና ዜድኤፍኤስ

ኤክስኤፍኤስ ሲሊኮን ግራፊክስ ለአይሪክስ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣው ነው፤ በኋላ ወደ ሊኑክስ ተሻግሮ እ.ኤ.አ. በ2014 የሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 7 ነባሪ ምርጫ ሆነ። ዲቫይሱን ጎን ለጎን ሊሠሩ በሚችሉ የአመዳደብ ቡድኖች ስለሚከፍል ብዙ ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ ለሚጽፉበት ትልቅ ዲስክ ይስማማል። አይኖዶቹን በተፈለጉ ጊዜ ስለሚፈጥር የኤክስት4 የአይኖድ እጥረት እምብዛም አያገኘውም። ለትንሽ ምስል ግን አልተሠራም፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ መፍጠሪያው ከ300 ሜጋባይት ያነሰ ዲቫይስ አይቀበልም። ማስፋት ይቻላል፤ ማሳነስ ግን በተግባር አይቻልም።

ቢተርኤፍኤስና ዜድኤፍኤስ የጥበቃውን ጥያቄ በሌላ መንገድ ይመልሳሉ። ሁለቱም የቆየውን ብሎክ አይደልዙም፤ አዲሱን በነፃ ቦታ ጽፈው ሲያበቁ ጠቋሚውን ወደ እርሱ ያዞራሉ። ስናፕሾት በቅጽበት የሚሠራው አሮጌው ብሎክ በቦታው ስለሚቆይ ነው። ለብሎኮች ቼክሰም ስለሚይዙም ዲስኩ በስህተት የመለሰውን መረጃ ለይተው ያውቃሉ፤ ሌላ ቅጂ ካለም ያስተካክሉታል። ይህን ለማየት ምናባዊ ዲቫይስ የተመቸ ነው፦ በሁለት ሉፕ ዲቫይሶች ላይ ቅጂ በቅጂ የሆነ ቢተርኤፍኤስ ከተሠራ በኋላ በአንደኛው ምስል ውስጥ ጥቂት ባይቶች ሆን ተብለው ቢበላሹ የ«ስክረብ» ትእዛዝ ብልሽቱን አግኝቶ ከሁለተኛው ምስል ይጠግነዋል።

ቢተርኤፍኤስ እ.ኤ.አ. በ2007 በክሪስ ሜሰን ተጀምሮ በ2009 በከርነል 2.6.29 ገባ። በነባሪ ምርጫዎቹ የሚፈልገው ዝቅተኛ መጠን ወደ 109 ሜጋባይት ነው፤ ሱፐርብሎኩም ከመጀመሪያው 64 ኪሎባይት ርቆ ይገኛል። ዜድኤፍኤስን ጄፍ ቦንዊክና ማቲው አረንስ በሰን ማይክሮሲስተምስ ሠርተውት እ.ኤ.አ. በ2005 ለሕዝብ ወጣ። ፋይል ሲስተምንና የዲስክ አስተዳደርን ስለሚያዋህድ ኤምኬኤፍኤስ የለውም፤ «ዜድፑል» ክምችቱን ሲፈጥር ፋይል ሲስተሙ አብሮ ይፈጠራል። ተራ ፋይልን ያለ ሉፕ ዲቫይስ በቀጥታ ይቀበላል፤ ዝቅተኛው መጠን 64 ሜጋባይት ነው። ሆኖም ሰነዱ ራሱ ይህን ለሙከራ ብቻ ይመክራል። ፈቃዱ ከሊኑክስ ከርነል ፈቃድ ጋር ስለማይጣጣም በሊኑክስ ላይ ተለይቶ ይጫናል።

የውጭ ፎርማቶችና የማይጻፍባቸው

ፋት ከሌሎች ሲስተሞች ጋር ለመለዋወጥና ዘመናዊ ኮምፒውተሮች ሲነሱ ለሚያነቡት የኢኤፍአይ ፓርቲሽን ያስፈልጋል። ዓይነቱ የሚወሰነው በክላስተሮቹ ብዛት ነው፤ ከ4,085 በታች ፋት12፣ ከ65,525 በታች ፋት16፣ ከዚያ በላይ ፋት32 ይሆናል። በዚህ ስሌት ክላስተሩ 512 ባይት ቢሆን እንኳ ትክክለኛ ፋት32 ከ33 ሜጋባይት በላይ ቦታ ይፈልጋል። የዩኒክስን ባለቤትነትና ፈቃድ አይዝም፤ አንድ ፋይልም 4 ጊጋባይት ሊሞላ አይችልም። ኤክስፋት ይህን የመጠን ገደብ ያነሳል፤ ለኤንቲኤፍኤስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ከርነል 5.15 አዲስ ሾፌር ገብቷል።

አይሶ 9660 እና ስኳሽኤፍኤስ ከተሠሩ በኋላ አይጻፍባቸውም። ስለዚህ ባዶ ዲቫይስ ላይ አይዘረጉም፤ ከተዘጋጀ ፎልደር ላይ ምስሉ አንድ ጊዜ በሙሉ ይገነባል። ስኳሽኤፍኤስ ይዘቱን ስለሚጨምቅ በቀጥታ ከፍላሽ ለሚነሱ የሊኑክስ ስርጭቶች ይመረጣል። የኡቡንቱ ስናፕ ፓኬጆችም በስኳሽኤፍኤስ ስለሚዘጋጁ እያንዳንዱ የተጫነ ስናፕ አንድ ሉፕ ዲቫይስ ይይዛል፤ ተጠቃሚው ሳይፈጥራቸው በዝርዝሩ ውስጥ የሚያያቸው በርካታ ሉፖች ምንጫቸው ይህ ነው።

የግዕዝ ፊደል የፋይል ስሞች

ፋይል ሲስተሞቹ የስምን ርዝመት የሚለኩበት መንገድ ይለያያል፤ ልዩነቱም በአማርኛ ስሞች ላይ ጎልቶ ይታያል። ኤክስት4፣ ኤክስኤፍኤስ፣ ቢተርኤፍኤስና ዩኤፍኤስ ስምን በ255 ባይት ይገድባሉ። በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ ስሙ ከ85 ፊደል አያልፍም። የፋት ረጅም ስሞችና ኤንቲኤፍኤስ ግን በዩቲኤፍ-16 አሃዶች ስለሚቆጥሩ 255 የግዕዝ ፊደሎች ይቀበላሉ። በዊንዶውስ ረጅም የአማርኛ ርዕስ የተሰጠው ፋይል ወደ ኤክስት4 ምስል አልገለበጥ ሊል የሚችለው በዚህ የተነሳ ነው። በአሮጌው ሚኒክስ 14 ባይት ውስጥ የሚገቡት ደግሞ 4 ፊደሎች ብቻ ናቸው። የፋት ምስል በሊኑክስ ሲከፈት የዩቲኤፍ-8 አማራጭ ካልተሰጠውና ነባሪው ሌላ ከሆነ የግዕዝ ስሞች በጥያቄ ምልክት ተተክተው ሊታዩ ይችላሉ፤ በምስሉ ውስጥ ያለው ስም ግን አልተበላሸም።

ሁለቱ ደረጃዎች ሲገናኙ

ፋይል ሲስተም ከሥሩ ያለውን ዲቫይስ ያምናል፤ ምናባዊ ዲቫይስ ይህን እምነት በብዙ መንገድ ሊያፈርሰው ይችላል። ባለ ቀዳዳ ምስል ላይ ያለው ፋይል ሲስተም 10 ጊጋባይት ነፃ ቦታ እንዳለው ሲቆጥር ምስሉ የተቀመጠበት ዲስክ ቀድሞ ሊሞላ ይችላል። ያኔ የሚደርሰው መልእክት «ቦታ የለም» የሚል ሳይሆን የዲስክ ብልሽት የሚመስል የንባብና የጽሑፍ ስህተት ነው። በተቃራኒው በውስጥ የተደመሰሰ ፋይል ቦታ ወደ ውጭው ዲስክ በራሱ አይመለስም፤ «ኤፍኤስትሪም» ሲታዘዝ ሉፕ ዲቫይሱ የተለቀቁትን ብሎኮች በምስል ፋይሉ ውስጥ ቀዳዳ ያደርጋቸዋል።

ጆርናልም ሆነ አዲሱን ብሎክ በነፃ ቦታ የመጻፍ ዘዴ የሚሠራው «አሁን በእርግጥ ጻፍ» የሚለው ትእዛዝ እስከ ታች ሲደርስ ነው። ሉፕ ዲቫይስ ትእዛዙን በምስል ፋይሉ ላይ ወደሚፈጸም «ኤፍሲንክ» ይለውጠዋል። በመካከል ያለ አንድ ደረጃ ለፍጥነት ሲል ትእዛዙን ሳይፈጽም «ጽፌአለሁ» ካለ ግን ከላይ ያለው ጆርናል ዋስትና አይሰጥም።

ኤክስት4፣ ኤክስኤፍኤስና ቢተርኤፍኤስ ዲቫይሱ የእነርሱ ብቻ እንደሆነ ይቆጥራሉ። አንድ ምስል በሁለት ሉፕ ዲቫይሶች፣ ወይም በአስተናጋጁና በቨርቹዋል ማሽኑ በአንድ ጊዜ ለመጻፍ ከተከፈተ እያንዳንዱ የሌላውን ለውጥ ሳያይ ስለሚጽፍ ይዘቱ ይበላሻል፤ ለጋራ አጠቃቀም የተሠሩት እንደ ጂኤፍኤስ2 ያሉ የክላስተር ፋይል ሲስተሞች ናቸው። ምስልን መገልበጥም መለያ ቁጥሩን አብሮ ይገለብጣል። ኤክስኤፍኤስ ተመሳሳይ መለያ ያለው ሌላ ምስል ከተከፈተ አልከፍትም ይላል፤ ቢተርኤፍኤስ ዲቫይሶቹን በመለያቸው ስለሚሰበስብ አደጋው የከፋ ነው። ስለዚህ ቅጂው ከመከፈቱ በፊት መለያው መለወጥ አለበት።

ምንጩ ያልታወቀ ምስል ደግሞ የጸጥታ ጥያቄ ነው። የፋይል ሲስተም ሾፌር በከርነሉ ውስጥ ስለሚሠራ በተንኮል የተሠራ ሱፐርብሎክ ከርነሉን ሊጥል ወይም ክፍተት ሊከፍትበት ይችላል። እንዲህ ያለውን ምስል በተለየ ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ የሚከፍተው «ሊብጌስትኤፍኤስ» ለዚህ ይጠቅማል።

ይኸው ዲቫይሱን እንደ ልብ የማዛባት ዕድል ለፋይል ሲስተም ሠሪዎች ጥቅም ሆኗል። በዲቫይስ ማፐር ሥር «ዲኤም ፍሌኪ» በተወሰነ ጊዜ ልዩነት ጽሑፎችን ይጥላል፤ «ዲኤም ሎግ ራይትስ» እያንዳንዱን ጽሑፍ ከነቅደም ተከተሉ መዝግቦ ዲስኩን በመካከል ወዳለ ማንኛውም ቅጽበት ይመልሳል። በመጀመሪያ ለኤክስኤፍኤስ የተዘጋጀው፣ ዛሬ ኤክስት4ንና ቢተርኤፍኤስን ጨምሮ በርካታ የሊኑክስ ፋይል ሲስተሞች የሚመዘኑበት የኤክስኤፍኤስቴስትስ ስብስብ በእነዚህ ዲቫይሶች ይጠቀማል። ፋይል ሲስተሙ መብራት በማንኛውም ቅጽበት ቢቋረጥበት ተመልሶ ይነሳ እንደሆነ በእውነተኛ ዲስክ ላይ በዘፈቀደ ብቻ ሊታይ ይችል የነበረው፣ በምናባዊ ዲቫይስ ላይ ግን ጽሑፍ በጽሑፍ ይፈተሻል።